የፍግ መዋጮ

ፍግ የሚለውን ቃል ገና ስታዩት አፍንጫችሁን የያዛችሁ ካላችሁ ልቀቁት፤ ወረቀት አይሸትም። ደግሞስ ከፍግ ማን ያመልጣል? ጎመኑ ከእሱ ነው፣ ድንቹ ከእሱ ነው፣ ፒያሳ ካፌ ተቀምጣችሁ በሹካ የምትወጉት ሰላጣም ከእሱ ነው። እናንተ ሳታውቁት ትበላላችሁ፤ እኔ ግን በገዛ ባልዲዬ ተሸክሜ፣ ዓሣ አሳድጌበት፣ አውቄው በልቻለሁ። በእሪ በከንቱ ቁልቁለት ላይ ከእኔ በፊት ዓሣ ያረባ ሰው ካለ ይምጣና ይናገር። የለም። ጠይቄአለሁ።

መጀመሪያ ግቢያችንን ልንገራችሁ። ቁልቁለቱን ስትወርዱ፣ ወንዙ ጋ ሳትደርሱ፣ በቆርቆሮ በር የሚዘጋ ግቢ አለ። ስድስት ቤት ነን። አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ አለን፤ ሦስቱንም በተራ የማስጠቅመው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። ግን አንድ ጊዜ ታምሜ ብተኛ ገመዱ ላይ ጠብ ተነሥቶ፣ ገላጋይ የገቡት ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ በእርጥብ አንሶላ ተመቱ። ከዚያ ወዲህ ሥልጣኔን የተከራከረ የለም። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም፤ እኩል ማካፈል ግን ፊደል አይጠይቅም።

ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ዘሀራ ናት። እሷ ከወሎ ተድራ መጣች፣ እኔ ከሸዋ። አብረን ወለድን፣ አብረን ባሎቻችንን ቀበርን፣ አብረን አረጀን። የእሷ ልጆች እኔ ቤት በልተው አድገዋል፤ የእኔዎቹ እሷ ቤት ተገርፈው አድገዋል። ሽሯችን አንድ ነው፣ ምስራችን አንድ ነው። ሥጋ የመጣ ዕለት ግን ትሪው ሁለት ይሆናል። የእኔ በግ በስመ አብ ተብሎ ይታረዳል፣ የእሷ ቢስሚላህ ተብሎ። ሠርግ ሲሆን እንኳ ድንኳኑ አንድ፣ ድስቱ ሁለት። የአባት የእናት ሥርዓት ነው፣ አልነቅፈውም። ግን በፋሲካ እኔ ሥጋዬን ስበላ እሷ በግድግዳው ማዶ ሽሮዋን ስትበላ ይሰማኛል፤ በዒድ ደግሞ እኔ ሽሮዬን ስበላ ለእሷ ይሰማታል። ይሄ ለእኔ ሚዛኑ ትክክል አይደለም።

ክረምት ላይ ዘሀራ መጣችና ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች።

«ልጄ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ነይልኝ ብሎኛል። ከረመዳን በፊት ጠቅልዬ መሄዴ ነው» አለችኝ።

ማልቀስ አልወድም፤ ስለዚህ ተቆጣሁ።

«ዕድሜ ልካችንን ጎረቤት ሆነን፣ ሥጋ ያለበት አንድ ጉርሻ ከእጅሽ ሳልጎርስ ልትሄጂ ነው?»

«ምን ላድርግሽ እታለም? ያንቺን እርድ እኔ አልበላ፣ የእኔን አንቺ አትበዪ።»

«የማይታረድ ሥጋ የለም?»

«የማይታረድማ ዓሣ ነው» አለችና ሳቀች።

እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ዓሣ ተገዝቶ ይበላል፣ ምን ያደክማል ትሉኝ ይሆናል። እሱንም አስቤዋለሁ። እኔ ከገዛሁት ጋባዥ እኔ፣ እንግዳ እሷ። እሷ ከገዛችው ጋባዥ እሷ፣ እንግዳ እኔ። እኔ የፈለግሁት ከሁለታችን ግቢ የወጣ፣ ማንም ለማንም «ብይ፣ አታፍሪ» የማይልበት ትሪ ነው።

ደግሞ ጉድጓዱ ነበረ። ዱሮ የጋራ ማድ ቤታችን ከግቢው መካከል ነበር። አንድ ክረምት ተደረመሰና መሠረቱ ሰፊ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። በየክረምቱ ውሃ ያቁራል፤ ልጆች የላስቲክ ጠርሙስ ያንሳፍፉበታል፣ ጋሽ በቀለ ይወድቁበታል።

ያን ሰሞን ስለ ከተማ ግብርና የምታስተምር ባለሙያ በየግቢው ትዞር ነበር። ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ባሮጌ ጎማ ውስጥ ሰላጣ ትከሉ ልትለን ገና አፏን ስትከፍት፣ «ልጄ፣ ዓሣ ነው የምንፈልገው» አልኳት።

«እማማ፣ ከልብዎ ነው?»

«እኔ ከልቤ ያልሆነ ነገር ተናግሬ አላውቅም።»

ልጅቷ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ለካ በዞረችበት ግቢ ሁሉ የሰማት ሰው የለም። ጉድጓዱን አስተካክለን፣ ወፍራም ላስቲክ አንጥፈን ውሃ ሞላንበት። መጀመሪያ አምባዛ ላምጣላችሁ አለች። አምባዛ ጠንካራ ነው፣ ውሃው ቢበላሽም ይችላል አለች። እኔ ግን ቅርፊት የሌለው ዓሣ አልበላም፤ ከአባቶቼ የወረስኩት ነው። «ቅርፊት ያለው አምጪ» አልኳት። ቆሮሶ አመጣች። ጫጩቶቹ ከጥፍሬ አይበልጡም፤ በአየር በተነፋ ላስቲክ ውስጥ እንደ ሙሽራ ተከብበው መጡ።

«ምግባቸውስ?» አልኳት።

«ፍግ ነው» አለች።

ግቢው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ።

«ፍጉን እኮ አይበሉትም» አለች ቶሎ ብላ። «ፍጉ ውሃውን ያለመልመዋል። ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ በዓይን የማይታይ ብዙ ነገር ይፈላበታል፤ ዓሣው እሱን እየበላ ያድጋል።»

ዘሀራ ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች። «ያ ረቢ! ከዚህ የወጣውን ነው እኔ የምበላው?»

«የምትበዪው ጎመን ምን ጠጥቶ ያደገ መሰለሽ? ወተት?» አልኳት።

«ጎመን አይዋኝበትም!»

«አይዋኝበትም፤ ቆሞበት ነው የሚውለው! የትኛው ይብሳል?»

ዘሀራ ግን በዚህ የምትሸነፍ አይደለችም። ሄዳ ሼካቸውን ጠየቀች። ከመብላታችሁ በፊት ንጹሕ ውሃ ውስጥ አቆዩት አሏት። እኔም ጊዮርጊስ ሄጄ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። እሳቸው ደግሞ በጾም ቀን እንዳይሆን አሉኝ። ሰማይ በሁለቱም በኩል ከፈቀደ የቀረው ምድራዊው ጉዳይ ነው፤ እሱ ደግሞ የእኔ ነው።

ባለሙያዋ ስትሄድ መለኪያውን አስተማረችን። ክንዳችሁን ውሃው ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ውሃው ክርናችሁ ጋ ሲደርስ መዳፋችሁ ከዓይን ከጠፋ ፍጉ በቂ ነው። ገና የእጅ አንጓችሁ ጋ ሲደርስ ከጠፋ በዝቷልና አቁሙ። ይኸው ነው። ሕፃንም ይገባዋል። እኛ ግን ሕፃናት አይደለንም፤ ሽማግሌዎች ነን፣ ስለዚህ ተሰበሰብን።

ስብሰባውን የመራሁት እኔ ነኝ። ዓሣው የስድስታችን ከሆነ ፍጉም የስድስታችን ነው አልኩ። እድር ላይ «የእኔ ቤት ሰው አልሞተም» ብሎ መዋጮ የሚያስቀር አለ? የለም። እንግዲያው በየሳምንቱ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ጣሳ ፍግ ያዋጣል፤ የቀረ እጥፍ ያመጣል። እኔ ዶሮዎች አሉኝ፣ ኩስ አለኝ። ዘሀራ ለገና ገበያ የምታደልባቸው በጎች አሏት፣ በጠጥ አላት። በር አጠገብ ያሉት ሰዎች ወንዙን ተሻግሮ ላም ያለው ዘመድ አላቸው፣ እበት ያመጣሉ። ሌሎቹም ከየዘመዱ ከየወዳጁ ያገኛሉ። የቸገራቸው ጋሽ በቀለ ብቻ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቢሮ የዋሉ፣ ዛሬም ያለ ሙሉ ልብስና ያለ ባርኔጣ ከደጅ የማይወጡ ሰው ናቸው። ያላቸው እንስሳ አንዲት ድመት ናት፤ እሷም ቤት አታድርም።

«እትዬ፣ እኔ በገንዘብ ልተካ» አሉ።

«ገንዘብ ውሃ ያለመልማል?»

«ታዲያ እኔ ፍግ ከየት ላምጣ?»

«ከእንስሳ።»

«እርስዎ ሰው አይደሉም?»

«ሰው ነኝ፤ ለዚህ ነው እኩል የማደርጋችሁ።»

ጋሽ በቀለ ክራቫታቸውን አስተካክለው ወጡ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ አንድ ነጋዴ በጎች ሲነዳ ያገኙና ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። እጃቸው ላይ የተጣጠፈ ጋዜጣ አለ። አንዷ በግ ቆም ስትል እሳቸውም ቆም፤ ስትሄድ እሳቸውም ሄድ። የአራዳ ልጆች ይሄን አይተው ዝም ይላሉ?

«ፋዘር! በጓን ነው የሚገዙት ወይስ ዱካዋን?»

«አያስቸኩሏት፣ ሐሳብ ላይ ናት!»

በመጨረሻ ባለበጉ ዞር አለና፣ «አባት፣ ምን ፈልገው ነው?» አላቸው።

«የምትጥለውን» አሉ ጋሽ በቀለ፣ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው።

ሰውዬው ሽማግሌው ታመዋል ብሎ አዘነላቸው መሰለኝ፣ በጎቹ ያደሩበት ቦታ ወስዶ በጠጥ እስኪበቃቸው አሳፈሳቸው። ጋሽ በቀለ ግን ፒያሳን በፌስታል ፍግ አንጠልጥለው አያቋርጧትም። ኬክ ቤት ገብተው ባዶ ካርቶን ለመኑ፤ በጠጡን በካርቶኑ፣ ካርቶኑን በሪባን። ማኪያቶ የሚጠጡበት ካፌ በር ላይ የዱሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው ተቀምጠው ኖሯል።

«ጋሽ በቀለ! የማን ልደት ነው?»

«የዓሦች» ብለው ሳይዞሩ አለፉ።

ያን ቀን ኮራሁባቸው። ካርቶኑን ሲያስረክቡኝ ሪባኑን ራሴ ፈታሁት።

ውሃው በጥቅምት ፀሐይ ለመለመ። እንዴት ያለ አረንጓዴ! ከጊዮርጊስ ሲመለሱ ሰዎች ጎራ እያሉ ያዩታል። ዓሦቹ ከጥፍር ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ማንኪያ አደጉ። እኔም ለጎብኚው ሁሉ ስለ ፍግ አስረዳለሁ፤ ኩስ ኃይለኛ ነው፣ እበት ጨዋ ነው፣ በጠጥ ዝግ ብሎ ነው የሚሠራው እያልኩ።

ችግሩ የጀመረው ከዚችው ከኃይለኛ ከጨዋ ነው። በር አጠገብ ያሉት፣ «የእርስዎ አንድ ጣሳ ኩስ ኃይለኛ ከሆነ የእኛ አንድ ጣሳ እበት አንሶ ታየ» አሉ። እውነት ነው። ታዲያ እኔ ኩሴን ልቀንስ? ፍትሕ ወደ ታች አይወርድም። እበቱ በባልዲ ይሁን አልኩ። እበቱ ባልዲ ሲሆን ዘሀራ የእኔ በጠጥ ለምን በጣሳ ይቀራል ብላ ተቆጣች፤ ወሎዬ ስስት አይነገርባትም። ጋሽ በቀለም ካርቶኑን በትልቅ ካርቶን ለወጡ። ማንም ከማንም አንሶ መታየት አልፈለገም። ሁሉም እኩል ነበር፤ ይህን ማንም አይክደኝም።

የክንዱን መለኪያ አልዘነጋነውም። ግን የማን ክንድ? ጨርቅ ስንገዛ ረጅም ክንድ ያለው ሰው እንልካለን፣ ስንሸጥ አጭር። በጋሽ በቀለ ክንድ መዳፉ ይጠፋል፣ በዘሀራ ክንድ ይታያል። ስለዚህ በየተራ አስገባን፤ ስድስት ቤት ስድስት መልስ ሰጠ። በመጨረሻ «ውሃው ያምራል» በሚለው ተስማማን።

ከዚያ ገና ደረሰ። በየደጁ በግ ታሰረ። እግዚአብሔር ፍጉን በበራችን አወረደው፤ የመጣ ሲሳይ ደግሞ አይመለስም።

የገና ማግሥት ጠዋት ወጣ ስል ዓሦቹ ሁሉ ከውሃው ፊት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«እዩልኝ! እያመሰገኑ ነው» አልኩ።

«ርቧቸው ነው» አሉ ጋሽ በቀለ፤ ያን ትልቁን ካርቶን ይዘው ነበር፣ ጨመሩበት።

ዘሀራ ጎንበስ ብላ አየች። አስም ስላለባት ትንፋሽ ማጣት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። «አንቺ ሴትዮ፣ እነዚህ እንደኔ ናቸው። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው» አለች።

ይህን ስትል አንዱ ዓሣ በጎኑ ተኛ። ሌላው ተከተለው።

ባለሙያዋ ጋ ደወልን፤ ዘሀራ ስልኩን ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አድርጋ ያዘችው።

«ስንት ፍግ ጨመራችሁ?»

«እኩል እኩል» አልኩ።

«እኩል መሆኑ ይቅርና ስንት?»

«እኩል መሆኑ ለምን ይቀራል?»

«እማማ!» አለች ልጅቷ፤ ድምጿ ተለወጠ። «ፍግ ሲበዛ የውሃውን አየር ይጨርሰዋል። ዓሦቹ እየታፈኑ ነው። ፍግ አቁሙ። ከውሃው ላይ ቅዱና አዲስ ውሃ ከላይ፣ ከፍ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። አሁኑኑ!»

አዲስ ውሃ! ቧንቧችን በፈረቃ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ የእኛ ፈረቃ አልነበረም። በየቤቱ ያለው በበርሜልና በጀሪካን የተጠራቀመው ብቻ ነው። እሺ፣ እያንዳንዱ ቤት እኩል ያዋጣል፤ ጀሪካኑን ላስተካክል፣ ትልቁን ከትንሹ ልለይ ብዬ ገና ስጀምር፣ ዘሀራ የተከደነ በርሜሏን ከነውሃው እያንከባለለች ከቤቷ ወጣች። ለጓዟ ማጠቢያ፣ ለምንጣፎቿ ያጠራቀመችው ውሃ ነው።

«ቆይ ዘሀራ! ካንቺ ብቻ አይሆንም፣ በተራ...»

«ዝም በይና ቅጂ! የሚሞት ነገር ፊት ወረፋ የለም!»

በሕይወቴ ተራ ሲፈርስ አይቼ ዝም ያልኩት ያን ቀን ነው። ዝም ብቻ አይደለም፤ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁበት። አረንጓዴውን ውሃ በባልዲ እየቀዳን ለጎረቤት ጎመን ሰጠን፤ አዲሱን ከላይ አፈሰስን። ጋሽ በቀለ በርጩማ ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ፣ ውሃውን በወንፊት እንደ ዝናብ አወረዱት። ወንፊት የእሳቸው ሐሳብ ነው፤ ሰው ሲያመሰግነኝ ይህን ሁልጊዜ እናገራለሁ። ሁለት ጊዜ ከበርጩማው ወደቁ፤ ሁለቴም ወደ ኩሬው ነው፣ እሱም ውሃውን በጥብጦልናል። ንጹሑ ውሃ ሲያልቅ የኩሬውኑ እየቀዳን መልሰን ከፍ አድርገን አፈሰስን። ዘሀራ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ዓሦቹን እያየች፣ «እኔም እናንተም እንወጣዋለን ኢንሻአላህ» ትላለች። እኔ ጊዮርጊስን እጠራለሁ። ማንኛቸው እንደሰሙን አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ አፍ ሲከፍቱ የነበሩት አንድ አንድ እያሉ ወደ ታች ወረዱ።

የሞቱ ነበሩ፤ ግቢው ውስጥ ካለው የበርበሬ ተክል ሥር ቀበርናቸው። የቀሩት ግን ለስድስት ቤት ይበቃሉ። ባለሙያዋ በማግሥቱ መጥታ ክንዷን አስገባች፤ «ደህና ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ የእሷ ክንድ የግቢያችን ክንድ ሆነ።

የቀረው ቀን መቁረጥ ነው። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተከታትለው እየመጡ ነው። ሰኞና ሐሙስ ዘሀራ ትጾማለች፤ ረቡዕና ዓርብ እኔ። እሑድ ልጇ መኪና ይዞ ሊወስዳት ይመጣል። ቅዳሜ ተባለ። ዓሦቹን ቀደም ብለን በንጹሕ ውሃ በርሜል ውስጥ አቆየናቸው፤ ዘሀራ በየጠዋቱ ውሃውን ስትለውጥ ላያት ለሐጅ የምታዘጋጃቸው ይመስላል።

ቅዳሜ ዓሦቹ ወጡ። እውነቱን ልናገር፣ ከመዳፌ አይበልጡም። ደግ ዓሣ ትልቅ መሆን አለበት ያለው ማነው? ለየቤቱ እኩል ሲደርስ አንድ ተረፈ፤ እሱን ለባለሙያዋ ሰጠን። ቅርፊቱን እኔ ፋቅሁ፣ ዘሀራ ጠበሰች። ግቢው መካከል፣ ከኩሬው ዳር፣ አንድ ትሪ ተዘረጋ። አንድ! ስድስት ቤት በዙሪያው ተቀመጥን። ጋሽ በቀለ ሁለተኛ ትሪ የሚመጣ መስሏቸው በልማድ ወደ ጎን ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ፤ «ይምጡ ወደዚህ፣ ሌላ የለም» አልኳቸው።

ዘሀራ ከዓሣው ቆረሰች፣ በእንጀራ ጠቀለለች፣ «ቢስሚላህ» አለች። እኔ አማተብኩ። ጉርሻውን አፌ ውስጥ አደረገችው፤ የዘሀራ ጉርሻ ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ሥጋ ነው። ከዘሀራ እጅ የጎረስኩት ሥጋ። ከእነአጥንቱ። ትንሽ ዓሣ አጥንቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

«አለቀሰች!» አለ አንዱ።

«አላለቀስኩም!» ልል ነበር፣ አልወጣልኝም።

ዘሀራ ገባት። «ትፊው እታለም፣ ትፊው!» አለችና መዳፏን ከአገጬ ሥር ዘረጋች።

እኔ ልተፋው? ይህን ሁሉ ፍግ አስለቅሜ፣ ይህን ሁሉ ውሃ አስቀድቼ፣ ከዘሀራ እጅ ያገኘሁትን ልተፋ? ራሴን ነቀነቅሁና ዋጥኩ። ግማሹ ወረደ፣ ግማሹ ቀረ።

«እንግዲያው ይብቃሽ» አለች እየሳቀች።

አይበቃኝም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ነገ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ሰው ተጣልቶ አይሸኝም። አጥንቱ ገና ጉሮሮዬ ላይ እያለ አፌን ከፈትኩላት።